ከኮምፒዩተሩ በሥርዓት ስለ መውጣት

ሰኞ፣ ጥር 15

ዘጠነኛ «ሐ» ዛሬም የለም። ክፍሉ እንዳለ ነው የጠፋው። ዓርብ ከመውጣታችን በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስሙም ውጤቱም ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፍተን ስንጠይቀው እንዲህ የሚባል ክፍል አላውቅም አለ። ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ ግን ያ ነው።

የመጀመሪያው ቢሆን ዝም እል ነበር። ታደለች ካስገባቻቸው ክፍሎች አድሮ የተገኘ የለም። እኔ ያስገባኋቸው ግን እዚህም እዚያም ጎደል እያሉም ቢሆን አሉ። ይሄ ነገር አስተኝቶ የሚያሳድር አይደለም።

ለራሴ እንዲጠራልኝ ከሥሩ ልጻፈው። ትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር አለው። በእርዳታ የመጣ አሮጌ ነው፤ ለእኛ ግን አዲስ ነው። ሲበራ ቀጥታ ዳዊት የሠራው ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ዳዊት የፊዚክስ መምህራችን ነበር። ቤዚክ በሚሉት የፕሮግራም ቋንቋ የተማሪ ውጤት የሚደምር፣ አማካይ የሚያወጣና ደረጃ የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፈልንና አምና ወደ ጅማ ተዛወረ። ፕሮግራሙን ተወልን፣ ራሱን ይዞ ሄደ። ታደለች የጽሕፈት ሠራተኛችን ናት፤ ከአገሯ ከደካ በኮንትራት የመጣች። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክፍለ ጊዜ ሳይኖረኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ እሷ ሳትቀመጥበት፣ አግዛታለሁ፣ ማገዝ ካሉት።

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ አሰፋ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሰው ይልቅ ማሽን ያምናሉ፣ ያ ብቻ ነው። ባዶውን ስክሪን አይተው ወደ ታደለች ዞሩና «ዓርብ የት ነበርሽ?» አሏት። እዚሁ ነበርኩ አለች። እዚህ ከነበርሽ ሥራው የት ሄደ አሏት። ዓርብ እኔም እዚሁ ነበርኩ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

እህቷ ራቅ ባለችው ሺሺንዳ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ ትነግዳለች። ስለዚህ ታደለች በሥራ ሰዓት ገበያ ትወጣለች የሚለው ወሬ ሻይ ሳይቀርብ መምህራን ማረፊያ ደርሷል። በሥራ ሰዓት ሺሺንዳ ደርሶ መመለስ ከተቻለ ሹፌሮቻችን ሽልማት ይገባቸዋል አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ዓርብ ከሰዓት ግምገማ አለ። የታደለች ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቃል። መታደስ አለመታደሱን እዚያው እናየዋለን ብለዋል ጋሽ አሰፋ። ካልታደሰ ወደ ደካ ትመለሳለች። እዚያ ለእሷ የሚሆን ወንበር ያለው ቢሮ አንድ ነው፤ እሱም ላይ ሰው ተቀምጦበታል፤ ደግሞ ገና ወጣት ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 16

ጉም። ያጠብኩት ሸሚዝ ከቅዳሜ ጀምሮ ሊደርቅ እያሰበ ነው። ጠዋት ለዘጠነኛ «ለ» ስለ በረሃ አስተማርኩ። ከመስኮቱ ውጭ አሥር ሜትር አይታይም። እንዳመኑኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ባዶ ስለነበርኩ ታደለች አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልሰልላት ሳይሆን ምን እንደምታደርግ ማየት ፈልጌ ነው። እንደዚያ ብዬ ነገርኳት። «ይመልከቱ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ስሕተት የሚባል ነገር የለባትም። ስም፣ ውጤት፣ ትልቁን ቁልፍ፤ ስም፣ ውጤት፣ ትልቁን ቁልፍ። ከመምህራን የመጣውን ወረቀት በግራ እጇ ይዛ ትሄዳለች፤ አንድ ጊዜ ያየችውን መልሳ አታይም። እኔ ስጽፍ ማሽኑ ይጮሃል። ከግቢው በር ላይ ሆና እኔ መሆኔን በድምፁ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ቁጥር ሲጠብቅ ስም እሰጠዋለሁ፣ ስም ሲጠብቅ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ እንጨቃጨቃለን። ጭቅጭቁ ሲበዛ የማውቀው መላ አንድ ነው። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ ፕሮግራሙን አቆመዋለሁ፤ «ራን» ብዬ ጽፌ እንደ አዲስ አስነሳዋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው እዚህም አልጽፍም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሻዎ መጡ። ዋናው የመብራት ማጥፊያ ሳይወርድ ቢሮ መቆለፍ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ ሲመለስ የማባዣ ማሽናችንን አቃጥሎት ነበር፤ ደንቡ ያኔ ወጣ። ከሌሎቹ ደንቦቻችን ሁሉ የሚከበረው ይሄኛው ብቻ ነው። ጋሽ ሻዎ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ሳጥን ዘንድ ቆመው «ላውርደው?» ይላሉ። እኛ እጃችንን ከኪቦርዱ እናነሳለን፣ እንደ ተማረከ ሰው። «ያውርዱት።» ቀጭ ይላል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ታደለች ዳንቴሏን ታለብሰዋለች። ጥንቃቄ የምንለው ይህንን ነው፤ ምንም ሳንነካ ከምንጩ መቁረጥ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ነገር መጣብኝ። ከዚያ ፕሮግራም ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አለ? ሁላችንም መግባቱን እናውቃለን፤ ሲበራ ራሱ ያስገባናል። የሚያስወጣን ደግሞ ሁልጊዜ ጋሽ ሻዎ ናቸው።


ረቡዕ፣ ጥር 17

እንደተለመደው የታደለች የትናንት ሥራ የለም። እኔ ትናንት ማለዳ እሷ ሳትቀመጥበት ካስገባሁት ግን ከፊሉ አለ። የት ላይ ተቋረጠ ብዬ አየሁ። «ታረቀኝ» የሚባል ልጅ ላይ ነው። ይህን ልጅ አስታውሰዋለሁ። የእሱን ውጤት ካስገባሁ በኋላ ቀጣዩ ላይ ተሳስቼ፣ ፕሮግራሙን አቁሜ፣ «ራን» ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ለእሷ እስክለቅ ድረስ ሳልሳሳት ሠራሁ፤ እንዲያውም ኮርቼ ነበር። የኮራሁበት በሙሉ የለም።

ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ታደለች ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ መሆን አለበት። ያስቀመጠው ከመጨረሻው ስሕተቴ በፊት ያለውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቀውም። ታደለች ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጊዜም ስለማትሳሳት ምንም አይቀመጥላትም። እዚህ ቤት ሥራው የሚያድርለት የሚሳሳት ሰው ብቻ ነው። ይህን ስነግራት እንዳልቀለድኩ ስታረጋግጥ ፊቷ ጠቆረ።

«ስለዚህ ሥራዬን ባበላሽ ኖሮ ይኖር ነበር?»

መሞከር አለብን አልኳት። ግማሽ ክፍል ካስገባሽ በኋላ ሆን ብለሽ ተሳሳቺ፣ አቁሚው፣ «ራን» በዪው፣ ሌላውን ግማሽ ቀጥዪ። እምቢ አለች። እንዴት ብላ አውቃ እንደምትሳሳት አልገባትም። ቀላል ነው፣ እኔ ሳላውቀውም እችላለሁ አልኩ። «እርስዎማ» አለች። ብዙ ከለመንኳት በኋላ አሥረኛ «ለ» መሐል ላይ ደርሳ፣ ሂሳብ ውጤት በሚገባበት ቦታ «ጎመን» ብላ ጻፈች። ማሽኑ ጮኸ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፤ ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ጋሽ አሰፋ የገቡት በዚህች ደቂቃ ነው። የትም ቦታ ቢሆን እንዲህ ነው። ስክሪኑን አዩት፤ ሂሳብ፣ ጎመን። ከዚያ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «አሁን ደግሞ የማበላሸት ልምምድ ተጀመረ?» አሉ። ሙከራ ነው ልል አፌን ስከፍት ወጥተው ሄደዋል። ኮሪደሩ ላይ ለአንድ መምህር ስለ ዓርቡ ግምገማ ሲናገሩ ይሰማ ነበር። ይሰማ ዘንድ ነው የተናገሩት።

ታደለች የቀረውን ግማሽ ክፍል ሳትሳሳት ጨረሰች። ጣቶቿ ብቻ ትንሽ ፈጠን ይሉ ነበር። ስንወጣ፣ «ነገም ከሌለ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ቤት ሄጄ ቆጮ በላሁ፤ ጣዕሙን ሳላስተውል በላሁት። ይህ ለቆጮው ክብር አይደለም።


ሐሙስ፣ ጥር 18

አለ! አሥረኛ «ለ» እስከ ጎመኑ ድረስ አለ። ከጎመኑ ወዲያ ባዶ ነው። ታደለች ስክሪኑን በጣቷ ነካችው፤ የራሷን ሥራ አድሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ደስታዬ እስከ እረፍት ሰዓት ቆየ። ከዚያ አሰብኩ። ጋሽ አሰፋ ፊት ቀርቤ፣ የተሻለ እንድትሠራ ብዙ ትሳሳት ልል ነው? «ራን» የሚለው ቃል ውስጥ ምን አለ? እንደ አዲስ ሲጀምር የቀድሞውን ይቋጫል ማለት ነው። እንግዲያ ማሽኑ አይረሳም፤ ጨርሰናል ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ታዲያ ጨርሰናል የሚባለው በምን ቃል ነው?

ፕሮግራሙን አቆምነው። «ኦኬ» ብሎ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። እንሰናበት ብለን እንግሊዝኛችንን አወጣን። ኤግዚት አልነው። አልገባኝም አለ። ኩዊት፤ አልገባኝም። ባይ፤ አልገባኝም። ፊኒሽ፣ ሊቭ፣ ጎ ሆም። ታደለች «እስቲ ፕሊስ ይጨምሩበት» አለችኝ። ጨመርኩበት። ጨዋነትም አልገባው። በእንግሊዝኛ ትምህርት ያልተመሰገንኩት በከንቱ አልነበረም።

ቴሌ ሄድኩ። ወደ ጅማው ትምህርት ቤት የስልክ ጥሪ አስመዘገብኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ከዋጫ የመጣ ሰው ለወንድሙ ስለ በሬ ሊያወራ ይጠብቃል፤ እኔ ስለ ምን እንደምጠብቅ ሲጠይቀኝ ከአንድ ነገር እንዴት እንደሚወጣ ልጠይቅ ነው አልኩት። አዘነልኝ። ተራዬ ደረሰ። ዳዊትን ከክፍል አስጠሩልኝ።

«ዳዊት፣ ከፕሮግራምህ የሚወጣው እንዴት ነው?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ግርሜ፣ እውነት ለዚህ ነው ከክፍል ያስወጣኸኝ?»

የታደለችን ነገር ነገርኩት። ያኔ ድምፁ ተለወጠ። ማሽኑ የተነገረውን ወዲያው እንደማያስቀምጥ አስረዳኝ። እጁ ላይ ይዞ ይቆያል፤ ዝጋ ሲባል ነው ፋይሉን አስተካክሎ የሚያኖረው። «ራን» ስትለው ሌላ ሥራ መጣብኝ ብሎ የያዘውን አስቀምጦ ይነሳል። መብራት ስትቆርጥበት ግን እንደያዘ ይቀራል። ታዲያ አንተ ምን ታደርግ ነበር አልኩት።

«ፕሮግራሙን አቁመህ ሲስተም ብለህ ጻፍ። የከፈተውን ሁሉ ይዘጋል፣ ከቤዚክ ይወጣል፣ ለዶስ ያስረክብሃል። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሻዎ የፈለጉትን ያድርጉ።»

ዶስ ማለት ኮምፒዩተሩን ራሱን የሚያስተዳድረው ነው አለኝ። እንደገባኝ ከሆነ ዶስ የቤቱ ባለቤት ነው፣ ቤዚክ ተከራይ ነው። ተከራይ ሲወጣ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ያስረክባል። እኛ ተከራዩን ማታ ማታ በመስኮት ስንወረውረው ከርመናል።

ይህን ለምን ፕሮግራሙ ውስጥ አላስገባህም አልኩት። የምዘጋው እኔ ነበርኩ አለ። ስትሄድስ ለምን አልነገርክም? «ማን ጠየቀኝ?» አለና መስመሩ ተቆረጠ። እውነቱን ነው። የሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበስነው፣ ንግግር አደረግን፣ አጨበጨብን። እንዴት እንደሚገባ ደጋግሞ አስጠናን። እንዴት እንደሚወጣ የጠየቀ አልነበረም። ለመሰናበት በተሰበሰበ ጉባኤ ላይ።

ሩጫ በሚመስል እርምጃ ተመለስኩ። ታደለች ጻፈችው። ሲስተም። ትልቁን ቁልፍ መታች። ማሽኑ አልጮኸም። ትንሽ አሰበ፣ ስክሪኑ ጠራ፣ ግራ ጥጉ ላይ አንዲት ፊደልና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ቀሩ።

«ውጭው ይኼ ነው?» አለች።

ይኼ ነው። ከውስጡ ይልቅ ጭር ያለ ነው። ዳዊት በስልኩ በነገረኝ ሌላ ቃል ማሽኑን ስንጠይቀው በውስጡ የተቀመጡትን ፋይሎች ሁሉ ዘረዘረልን። እያንዳንዱ አጠገብ ቀን አለ፣ ሁሉም ላይ ደግሞ ዓመቱ ሰማንያ ነው። ሰዓቱን የምትይዘው ባትሪ ሞታለች መሰለኝ። ሰማንያን በእኛም ቆጠርነው በፈረንጅም ቆጠርነው ያው ደርግ ነው። ማሽናችን ለውጡ አልደረሰውም። ይህን ነገ ግምገማው ላይ ላለማንሳት ወሰንኩ።

ታደለች ወዲያው ዘጠነኛ «ሐ»ን እንደገና ጀመረች። እጇ እንደ ዝናብ ነው። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ልናቆመውና ሲስተም ልንለው ወስነን ሳለ፣ መብራት ሄደ። ጋሽ ሻዎ አልነበሩም፤ ከተማው በሙሉ ነው የጠፋው። ጨለማው ስክሪን ላይ ሁለታችንም ፊታችንን አየን። በካፊኖኖ፣ በራሷ ቋንቋ፣ አንድ ነገር አለች። ምን ማለት ነው አልኳት። «ለእርስዎ አይሆንም» አለች።

እስከ ማታ አልተመለሰም። ዘጠነኛ «ሐ» አሁንም የለም። ነገ ግምገማ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 19

ዛሬ ብዙ ነው። በጥድፊያ እጽፋለሁ።

ጠዋት መብራት አለ። ታደለች ከእኔ ቀድማ ገብታ ሥራ ጀምራለች። የትናንቱ አስተምሯታል፤ አንድ ገጽ ታስገባለች፣ ታቆማለች፣ ሲስተም ትላለች፣ ትወጣለች። ተመልሶ የሚገባበትን ቃል ስለማናውቅ ማሽኑን አጥፍታ ታበራዋለች። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ እንደገና ያስገባታል። ሌላ ገጽ። እንዲህ ስትወጣ ስትገባ ዋለች። ጋሽ አሰፋ ሁለት ጊዜ በመስኮት አልፈው፣ ሁለቱንም ጊዜ ስታጠፋ ደረሱ። በሁለተኛው የማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

ግምገማው ከምሳ በኋላ ተጀመረ። እንደ ደንቡ በግለሂስ ነው። የስፖርት መምህሩ ማርፈዱን አመነ፤ ሲያምን አርፍዶ ነበር የገባው። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ ድክመቴ መሳሳት ማብዛቴ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተገኘው ሥራዬ ሁሉ የተገኘውም በዚሁ ድክመቴ ነው አልኩ። ጋሽ አሰፋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እንዳብራራ ጠየቁኝ። አብራራሁ፤ ተከራዩን፣ ባለቤቱን፣ በመስኮት መወርወሩን። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ስደርስ አጣኋቸው።

«እንግዲህ የምትለው፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሥራውን የሚያበላሽ ይቀመጥለታል፣ የማያበላሽ ይጠፋበታል?»

«አዎ ጋሽ አሰፋ።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳሉ መጣበት። የሳቀ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል።

የታደለች ጉዳይ ተነሳ። የገበያውን ወሬ የጀመረው መምህር፣ ሠራተኛዋ በሥራ ገበታዋ ላይ ስለመገኘቷ ጥርጣሬ አለ ብሎ በዙሪያ ጥምጥም ተናገረ። ስም አልጠራም፤ ሺሺንዳን ብቻ ጠራ። ተናገሪ ስትባል ተነሳች። ረጅም ንግግር የምታደርግ መስሎኝ ነበር።

«ዓርብ የት ነበርሽ ላሉኝ፣ እዚህ ነበርኩ። ያልነበርኩበት ቀን የለም። ማሽኑን ክፈቱና ላሳያችሁ።»

ተቀመጠች። ጋሽ አሰፋ ተነሱ። ስብሰባው በሙሉ ወደ ቢሮው ተንቀሳቀሰ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይቀር መዝገቡን በብብቱ ይዞ ተከተለ።

የተማሪ ስም አይበቃኝም አሉ ጋሽ አሰፋ፤ ቀድሞ የገባ ሊሆን ይችላል። «የእኔን ስም አስገቢ።» ታደለች ወደ እኔ አየች። ውጤትስ ምን ልስጥዎት ብላ ጠየቀች። እንደ ፍጥርጥርሽ አሉ። ርዕሰ መምህራችንን ዘጠነኛ «ሐ» ውስጥ መዘገበቻቸው፤ ሂሳብ ሃምሳ ሰጠቻቸው፣ አማርኛ ጨመር አደረገችላቸው። ስማቸው ስክሪኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሁሉም አዩት። እጇን አነሳች። ጋሽ ሻዎ ከሳጥኑ ዘንድ «ላውርደው?» አሉ። ቀጭ። እንደገና ሲበራ የተማሪው ስም ተጠየቀ። እንዲህ የሚባል ተማሪ የለም።

«ጠፋሁ?» አሉ ጋሽ አሰፋ።

«ጠፍተዋል ጋሼ። እኔ ስጠፋ የከረምኩት እንደዚህ ነው።»

ሁለተኛ መዘገበቻቸው። ያው ሃምሳ። በዚህኛው ግን ሁለቱን ቁልፍ ተጫነች፣ ሲስተም አለች፣ ጥቁሩ ውጭ ላይ ወጣች፣ ከዚያ እጇን አነሳች። ቀጭ። በራ። ጋሽ አሰፋ ከነሂሳባቸው ተገኙ። ጎንበስ ብለው አነበቡት። ቀና ሲሉ የጠበቅሁት ሌላ ቃል ነበር፤ እሳቸው ግን «ሂሳብ ለምን ዝቅ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳቀ፣ ታደለች ግን አልሳቀችም። የምትጠብቀውን አልሰማችም። እሳቸውም አላሉትም።

ስብሰባው ሲመለስ የኮንትራቱ ጉዳይ ከፋይናንስ ጋር ይታያል፣ ለሰኞ ተቀጥሯል ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ይሄ ነው። ሲወጡ ያን የገበያ ወሬ ያወራ መምህር ታደለችን ሰላም አላት። እጇን ሰጠችው፤ እንደሚሰጥ ወረቀት።

ሰኞ። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደማስብ እነሆ ታውቋል።


ሰኞ፣ ጥር 22

ጠዋት ሳልፍ የጋሽ አሰፋ በር ተዘግቷል፣ ታደለች ውስጥ ናት። የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት አልቆ እኔ ክፍል ስገባም አልወጣችም። ስለ ዝናም ደኖች እያስተማርኩ በመስኮት ወደ ቢሮው አያለሁ። ተማሪዎቹም ወደዚያው ያያሉ፤ ዝናም ደኑ ያለው እዚያ መስሏቸው።

በእረፍት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ዘንድ አገኘኋት። ዳንቴሉን እያጣጠፈች ነበር። ምን ሆነ አልኩ።

«ታደሰ። እስከ ሰኔ።»

ከዚያስ አልኩ። ከዚያ ሰኔ ነው አለች። ጋሽ አሰፋ ይቅርታ ጠየቁሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷው ነገረችኝ። ይቅርታ አልጠየቁም። ሻይ አዘዙላት፣ እስክትጨርስ ጠበቁ፣ ከዚያ ፈረሙ። ሲፈርሙ፣ ዓርብ ዕለት ከማሽኑ ሲጠፉ መደንገጣቸውን ነገሯት። ማንም እንዳይሰማ በሩን የዘጉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ለዚህ ወረቀት ብቻ ነው የምናገረው።

አንድ ተጨማሪ ሥራ ተሰጥቷታል። ኮምፒዩተሩን የሚነካ መምህር ሁሉ በመጀመሪያ ከእሷ ዘንድ መውጣት ይማራል። መግባት አይደለም፤ መግባቱ በራሱ ነው። ለመምህራን የወጣው ደብዳቤ ቃል በቃል «በሥርዓት መውጣት» ይላል። አንዳንድ መምህራን ደብዳቤውን ሲያነቡ ከሥራ የሚሰናበቱ መስሏቸው ደንግጠው ነበር።

ከሰዓት ትምህርቱ ተጀመረ። የስፖርት መምህሩ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ፤ ቀኑ የተለየ ነበር። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ተቀመጥን፤ አንድ ስም፣ ሁለቱ ቁልፍ፣ ሲስተም። ታደለች ከኋላ ቆማ ታያለች። እኔ ተራዬ ደርሶ ስጽፍ ማሽኑ ጮኸ። ይለፉ፣ እርስዎ ሳይወጡም ይቀመጥልዎታል አለችኝ። ይህ ከሷ አፍ ሲወጣ ስድብ ነው ወይስ ምስጋና፣ ገና አልወሰንኩም።

መጨረሻ ላይ ጋሽ አሰፋ ራሳቸው ተቀመጡ። መነጽራቸውን ለወጡ። ቁልፎቹን በአንድ ጣት እየፈለጉ፣ ቃሉን ፊደል በፊደል ጻፉ። ትልቁን ቁልፍ መቱ። ስክሪኑ ጠራ። ጥጉ ላይ ከያቺ አንዲት ፊደል ጎን ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። እየተመለከቷት ቆዩ፤ ሁላችንም ቆየን። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ የምፈራው ጥያቄ መምጣቱን ከጀርባቸው አወቅሁ።

«ከዚያ ወጣሁ» አሉ። «ከዚህስ እንዴት ነው የሚወጣው?»

መምህራኑ እኔን አዩ። ከቴሌ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዳዊትን ያናገርኩት እኔ ነኝ። ዳዊት ግን መስመሩ ሲቆረጥ እዚህ ድረስ አልደረሰም። ወደ ታደለች ዞርኩ። እሷ ስክሪኑን ነው የምታየው፤ ጥያቄው ቀድሞ ገብቷት ቀድማ ጨርሳዋለች መሰለኝ።

«ከዚህ መውጫ የለውም ጋሼ» አለች። «እዚህ ከደረሱ በኋላ የቀሩት ጋሽ ሻዎ ናቸው።»

ጋሽ ሻዎ ስማቸው ሲጠራ ከኮሪደሩ ጫፍ አንገታቸውን አወጡ።

«ላውርደው?»

ሁላችንም እጃችንን አነሳን፣ ጋሽ አሰፋም ጭምር። ታደለች ጎንበስ ብላ ጥጉን አንድ ጊዜ ተመለከተች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የውጤት ወረቀቱን እንደምታየው።

«አሁን ያውርዱት» አለች።